በገጾች መሀል የተገኘው ቅርፊት

ሎርና ሃስክል ሰው ሲያስነጥስ ልቧ ቀጥ ይላል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከሁለቱ ኩላሊቶቿ አንዱን ለባሏ ለዌንደል ከሰጠች ወዲህ ግን አውቶቡስ ውስጥ የሚስል ሰው ካየች ወርዳ በረዶውን እየረገጠች በእግሯ ትሄዳለች። ዌንደል ሰውነቱ ያንን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው ጠዋትና ማታ ኪኒን ይውጣል። ኪኒኑ ኩላሊቱን የሚያቆይለት የሰውነቱን ዘበኞች ሁሉ እያስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሌላው ሰው በአንድ ሳህን ሾርባ የሚገላገለው ጉንፋን እሱን ሆስፒታል ያስገባዋል። ዶክተሮቹ ይህን በቀስታ ነበር የነገሯት። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍርሃት ነው የምትኖረው።

የምትሠራው ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኮረብታ ላይ ባለ የቆየ ቤተ መጻሕፍት ነው። አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳለችና ነጻ በወጣች ማግስት የታተሙትን መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና የግድግዳ ማስታወቂያዎች ገጽ በገጽ ፎቶ ታነሳለች። በየቀኑ የተነሳው ሁሉ ማምሻውን በራሱ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ከየቤታቸው ቁጭ ብለው ይጨቃጨቁበታል።

በዚያ ክፍል ሁለት አይነኬ ሕጎች አሉ። አንደኛው፣ ጓንት አይደረግም። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ አሮጌ ወረቀት ይቀድዳል፤ እጅን በሳሙና ታጥቦ በባዶ እጅ መሥራት ነው። ሁለተኛው፣ በገጾች መሀል የተገኘ ነገር ሁሉ ፎቶ ይነሳል፤ የደረቀ አበባም ይሁን፣ የዛገ መርፌም ይሁን፣ የፀጉር ዘለላም ይሁን። የታጠፈ ከሆነ ተከፍቶ ይነሳል። "የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን የሚለየው ተመራማሪው ነው፤ የእኛ ሥራ ማሳየት ብቻ ነው" ትላለች የክፍሉ ኃላፊ ፕሩደንስ ዊትኮም። ፕሩደንስ የጡረታ ጊዜዋ ካለፈ ቆይቷል፤ ይህን ደፍሮ የሚነግራት ሰው ግን አልተገኘም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሎርና ከፊቷ የነበረው ቀጫጭን መጻሕፍት ባንድ ላይ የተጠረዙበት ባለ ቀይ ቆዳ ጥራዝ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስትሠራበት ውላለች። አሁን የደረሰችው ስለ ፈንጣጣ ክትባት የሚያወራው ላይ ነው። የጻፈው የአገር ቤት ሐኪም፣ በሽታው ቀለል አድርጎ ከያዘው ሰው ላይ ቅርፊት አንስታችሁ ደረቅ ወረቀት ውስጥ አስቀምጡ፣ ሲያስፈልግ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጋችሁ አስገቡበት እያለ ይመክራል። ቀጣዩን ገጽ ስትገልጥ ከስፌቱ ሥር ትንሽ የታጠፈች ወረቀት አገኘች። ሕጉ ሕግ ነውና ከፈተቻት።

ውስጧ ቡናማ ፍርፋሪ ነበር። ሎርና የቆዳ ብናኝ መሰላት። አሮጌ ቆዳ ሁልጊዜ ይረግፋል፤ እዚያ ክፍል የሚሠራ ሰው ሁሉ እጅጌው ላይ ቀይ ብናኝ ይዞ ነው የሚወጣው። ወረቀቷ ጠርታ እንድትታይ ብላ አቧራ ማናፈሻዋን የጎማ ኳስ አንዴ ጨመቅ አደረገቻት። ፍርፋሪው ብድግ ብሎ ተመልሶ ተኛ፤ አፍንጫዋን በላት፤ አስነጠሰች። ከዚያ ፎቶውን አነሳች።

የገባት ስክሪኑ ላይ ስታየው ነው። ካሜራው ከእህል ቅንጣት የማይበልጠውን ነገር የሰሃን ያህል አድርጎ ዘረጋላት። ክብ ነው፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ፣ ዳር ዳሩ የተነሳ። ይህ ቆዳ አይደለም። ቆዳስ ቆዳ ነው፤ ግን የሰው ነው፣ ሐኪሙ በወረቀት አስቀምጡ ያለው የፈንጣጣ ቅርፊት። ከጠረጴዛው ወደ ኋላ ተራመደች።

"ሚስ ዊትኮም!" ብላ ተጣራች። "እባክዎ ይምጡ። ግን ከበሩ እንዳያልፉ።"

"ምን ሰበርሽ ደግሞ?"

"ምንም አልሰበርኩም። ከዚያው ሆነው ስክሪኑን ይዩልኝ።"

ፕሩደንስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየች፣ ከዚያ አውርዳ አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ። "ነክተሽዋል?"

"ነክቻለሁ።"

"ተንፍሰሽበታል?"

"አስነጥሼበታለሁ።"

"ወይ አንቺ ልጅ! ሌላው ሰው ቢሳሳት አንዱን ይሳሳታል፤ አንቺ ምኑን አስቀረሽው?" አለችና እያጉረመረመች ዘው ብላ ገባች። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ክንዷ ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ አሳየቻት። "እኔን ተዪኝ፣ በልጅነቴ ተከትቤያለሁ። አንቺስ?"

"እኔ ስወለድ ክትባቱ ቀርቶ ነበር" አለች ሎርና። "ዌንደልም እንደኔው ነው።"

ከጤና ቢሮ የመጡት ሰዎች ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ለብሰው ነበር። ወረቀቷን በድርብ ዕቃ አሽገው ወሰዱ፤ ሎርናን ከነፀጉሯ አሳጥበው የለበሰችውን ልብስ ተቀበሏት። የቡድኑ መሪ ሴትዮ ረጋ ያለች ናት። "ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው" አለቻት። "የሞተ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ምርመራው ሳያልቅ ባለቤትዎ ያሉበት ቤት እንዲገቡ አልፈቅድም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ከዚህ ክፍል ብናኝ ይዘው ወጥተው ያውቃሉ?"

ሎርና ትናንት ማታ ትዝ አላት። ይኸው ጥራዝ ነበር እጇ ላይ የዋለው፤ እጅጌዋ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ነበር። ቤት ስትደርስ ዌንደል እንደ ልማዱ የልብስ ብሩሹን ይዞ በር ላይ ጠበቃት። "ዛሬስ የማንን ቅድመ አያት ይዘሽብኝ መጣሽ?" እያለ ሹራቧን አንድ በአንድ ጠረገላት፣ ብናኙ በመብራቱ ሥር ሲንሳፈፍ አብረው ሳቁ። ይህን ብትናገር ዌንደልን አሁኑኑ መጥተው ይወስዱታል። ሳል ከሚያንቀጠቅጣቸው በሽተኞች ጋር አንድ ጣራ ሥር ያስተኙታል፤ ፈንጣጣው ቢምረው እንኳ የሆስፒታሉ አየር አይምረውም። እንዲህ አሰበች። የፈራ ሰው አሳብ ነው፤ እሷ ግን ያኔ ብልህነት መስሏት ነበር።

"ይዤ ወጥቼ አላውቅም" አለች።

ወደ ፕሩደንስ ቤት ሄደች። ከዚያ ደወለችለት። "ጉንፋን ይዞኛል፣ እስኪለቀኝ ሚስ ዊትኮም ጋር እቆያለሁ።"

"ደግ ሴት ናት፤ ግን ምግብ አትችልም ብለሽኝ አልነበር?"

"ባቄላዋን ዛሬ ቀምሼዋለሁ። ድንጋይ ነው።"

ሳቀ። ስልኩን ስትዘጋው ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለባት። ፎቶው! ማምሻውን ከሌሎቹ ገጾች ጋር በራሱ ጊዜ ወጥቷል። ዌንደል ደግሞ ከቤት መውጣት ከተከለከለ ወዲህ በየማታው የእሷን ፎቶዎች ሳያይ አይተኛም፤ ሚስቴ በዋለችበት ልዋል እያለ።

"ያውርዱልኝ!" አለች ፕሩደንስን፣ እጇን ይዛ። "አሁኑኑ ያውርዱልኝ!"

"ጠዋት ነው የሚወርደው፤ ቁልፉ ያላቸው ልጆች ወደ ቤታቸው ሄደዋል። አንቺ ደግሞ፣ አንድ ሌሊት ማን ያየዋል? ሁለት ፕሮፌሰርና አንድ እብድ።"

ጠዋት ወረደ። ሎርና ግን አልተረጋጋችም። በነጋታው ስትደውል ድምፁን እንደ ሐኪም አዳመጠች። ስለ ፎቶው አላነሳም፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ቤዝቦል አወራት። አላየውም ማለት ነው ብላ ራሷን አሳመነች።

ከዚያ የመጡት ቀናት ክፉ ነበሩ። ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምትነካው ግንባሯን ነው። በመስታወት ፊት ቆማ ምላሷን፣ ብብቷን፣ መዳፏን ትመረምራለች። አንድ ቀን አገጯ ላይ ብጉር አገኘችና ፕሩደንስ ብጉር ብቻ መሆኑን እስክታረጋግጥላት ድረስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቆልፋ አለቀሰች። ስለ ራሷ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። እሷን የሚያርዳት ያ ብሩሽ ነው፤ ዌንደል ብሩሹን በጣቱ ሲያራግፍ፣ ጣቱን ወደ አፉ ሲወስድ ይታያታል።

"ሙቀትህን ለክተሃል?" ትለዋለች በየቀኑ።

"የታመምሽው አንቺ፣ የምለካው እኔ?"

"እንዲሁ ነው የጠየቅኩህ።"

"ደህና ነኝ፣ የኔ ፍቅር።"

ሳምንቱ እያለቀ ሲሄድ ድምፁ እየከበደ መጣ። አንዴ በረዶ ጠርጌ ደክሞኝ ነው አላት፤ ሌላ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም አላት። ሎርና ስልኩን ዘጋች። ያዘው አለች በሆዷ፤ እኔ ነኝ ያስያዝኩት። ለጤና ቢሮዋ ሴትዮ ሁሉን ልትናገር ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። እንደገና ስታነሳው እጇ ላይ ጮኸ። የደወለችው ሴትየዋ ራሷ ነበረች።

"ውጤቱ መጥቷል" አለች። "ምንም ሕይወት የለበትም። የሞተ ነው፤ ከሞተም በጣም ቆይቷል። ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።"

ሎርና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ድምፅ አወጣች። ፕሩደንስ ካፖርቷን አምጥታ ጭንቅላቷ ላይ ጣለችላትና፣ "ተነሺ አንቺ፣ ባልሽ ጋ ሂጂ፤ ባቄላዬም ከመታማት ይገላገላል" አለቻት። እሷም ዓይኖቿን እየጠረገች ነበር።

መንገዱን በሩጫ ነው የጨረሰችው። ከቤታቸው በር ፊት ያለው በረዶ አልተጠረገም፤ እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ዌንደል ሳሎን ወንበሩ ላይ ነበር፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ፊቱ አብጧል፣ ዓይኖቹ ጠበዋል፣ እግሮቹ ካልሲ ውስጥ አልገባ ብለው ባዶ ናቸው። ግንባሩን ነካችው፤ ይፋጃል። ብርድ ልብሱን ገፍፋ ደረቱን፣ ክንዱን፣ መዳፉን አየች። አንድም ሽፍታ የለበትም።

"የሞተ ነው!" አለችው ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ። "ዌንደል፣ የሞተ ነው! ፈንጣጣ የለብህም!"

ሌላ ሰው ቢሆን የምን ፈንጣጣ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሎርና እጆቿን ከፊቱ ላይ አነሳች።

"አይተኸዋል" አለች።

"የዚያን ዕለት ማታ። አስፍቼ አየሁት። ከሥሩ ያለውንም ገጽ አነበብኩት። ከዚያ አንቺ ጉንፋን ያዘኝ ብለሽ ደወልሽ።" ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ውሸት አትችዪም እኮ።"

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"እንዳውቅ ብትፈልጊ ትነግሪኝ ነበር። ፈርተሻል ማለት ነው። የባሰ እንዳትፈሪ ብዬ ዝም አልኩ።"

ሎርና ወጥ ቤት ገባች። የኪኒኖቹ ሳጥን መስኮቱ ጋ ነበር። የየዕለቱ ኪኒን በየክፍሉ፣ ጠዋቱም ማታውም፣ እሷ ሞልታው እንደሄደችው አለ። አንድም አልተነካም። ሳጥኑን ይዛ ተመልሳ ከፊቱ አስቀመጠችው።

"ሰውነቴ ተነስቶ ይዋጋ ብዬ ነው" አላት። "ኪኒኑ ዘበኞቹን ያስተኛቸዋል ብለውን የለ? ቀሰቀስኳቸው። ከዳንኩ በኋላ መልሼ እጀምረዋለሁ ብዬ ነበር።"

ዘበኞቹ በእርግጥ ነቅተው ነበር። ፈንጣጣ ፈልገው ስላጡ ያገኙትን ባዕድ፣ የእሷን ኩላሊት ያዙ። ሆስፒታል ሐኪሙ የሆዱን ጎን በቀስታ ሲጫነው ዌንደል ጮኸ፤ ሎርና የገዛ ጎኗን ያዘች። ለሦስት ቀን በመርፌ ሞከሩለት። በአራተኛው ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስቁሟት ኩላሊቱ እንደማይመለስ ነገራት፤ ከእንግዲህ ደሙን የሚያጥብለት ማሽን ነው።

"ሌላውን ውሰዱልኝ" አለችው።

"ያለዎት እሱ ብቻ ነው፣ እመቤቴ።"

ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ማሽኑ ያጉረመርማል፤ የዌንደል ደም በቱቦው ወጥቶ በቱቦው ይገባል። እጁን በእጇ ውስጥ ያዘች።

"ሎርና" አለ በመጨረሻ። "ያ ነገር ሞቶ ነው የተገኘው አልሽ?"

"ሞቶ ነው።"

"እዚያ ስክሪን ላይ ሳየውም ሞቶ ነበር?"

"ያኔም ሞቶ ነበር።"

"ማንም አላወቀም ነበር ማለት ነው።"

እዚህ ላይ ዝም ብትል ይቀርላት ነበር፤ እሱም አይጠይቃትም። ግን ዝምታዋ ያደረሳቸውን አይታዋለች። "ከጤና ቢሮ የመጣችው ሴትዮ የሞተ ነው ብዬ አምናለሁ ብላኝ ነበር" አለችው። "የመጀመሪያው ቀን ነው የነገረችኝ። አልነገርኩህም።"

ዌንደል እጁን አላነሳም፤ እጇ ውስጥ እንደነበረ ተወው። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።