የእልፍነሽ ጃንጥላ

መድኃኔ ዓለምን! በዚህ ነገር ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት የለበትም። ብዋሽ ምላሴ ኤረር በር ላይ ይሰቀል። ሐረር ውስጥ «ሳህሉ እንዲህ አለ» ሲባል ሰው ግማሹን ጥሎ ግማሹን እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ሙሉውን ስሙኝ።

በኅዳር በሽታ ጊዜ ነው። ጎረቤቴ እልፍነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀረቻት አንዲት ልጅ ጽጌ ነበረች። ያች ልጅ በትኩሳት ወደቀች፤ ውሃ እንኳ በጉሮሮዋ አልወርድ አለ። እልፍነሽ መድኃኔ ዓለም ደጅ ሄዳ ተደፋችና «ልጄን አትርፍልኝ፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ስለቱ ሳይደርስ ጃንጥላ የሚያሰፋ ማን አለ? እሷ ግን የሠርግ ካባዋን ሐር ተርትራ ጀጎል ውስጥ ላለው ልብስ ሰፊ ለዐብዱልቃዲር ሰጠችው። «እሱ እስኪሰጠኝ እጄን አጣጥፌ ልጠብቅ እንዴ?» አለች።

ያን ሰሞን በሽታው እኔን ንቆኝ ስላለፈ ከቤት ቤት እየዞርኩ ውሃ አቀብል ነበር። ዳዊቱን ሳልጨርስ ከቄስ ትምህርት ቤት ያመለጥኩ ነኝና ለበሽተኛ የምደግመው ጸሎት የለኝም። ያለኝ ውሸት ነው። አንድ ጧት ጽጌ ራስጌ ተቀመጥኩና፣

«ትናንት አንድ ጅብ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ ዐብዱልቃዲርን ‹ሱሪ ስፋልኝ› አለው» አልኳት። «ቢለካው፣ ቢለካው ጅራቱ አስቸገረው። ‹ጌታው፣ ይቺን የት እናድርጋት?› ቢለው ‹ለሷ ኪስ አውጣላት› አይለው መሰለሽ!»

ልጅቷ ዐይኗን ገለጠች። «ጅቡስ ምን ሰጠው?» አለች፤ ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ።

«ምን ይሰጠዋል! ‹አልበላህም፤ ዋጋህ እሱ ነው› ብሎት ሄደ።»

ሳቀች። ከዚያ «እማዬ፣ ብርቱካን» አለች። የዐብዱልቃዲር ሚስት ፈሂማ በማለዳ በር ላይ በዘንቢል ትታልን ከሄደችው ብርቱካን እልፍነሽ አንዱን ልጣ ሰጠቻት። ዋጠች! እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከሰዓት በኋላ ጽጌ እናቷ ጭን ላይ እንዳለች አረፈች።

ከቀብር በኋላ እልፍነሽ ደጃፏን ዘጋች። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙንም ተወች። በር ላይ ቆሜ አንድ ነገር ልቀባጥርላት ስል «ሂድ ሳህሉ፣ ዛሬ ጆሮ የለኝም» ትለኛለች። ሰዉ «ከፈጣሪዋ ተጣልታለች» አለ፤ እውነቱን ነበር።

አንድ ቀን ዐብዱልቃዲር በሱቁ ሳልፍ ጠራኝ።

«ያ ሳህሉ፣ ጃንጥላው አልቋል። ምን ላድርገው?»

«ስለቷ መች ደረሰና? ፍታውና ሐሯን መልስላት።»

«አስተግፊሩላህ! ነዝር እኮ ነው፤ ስለት! ለአላህ የተባለን ነገር በኔ መቀስ አልፈታም። ራሷ መጥታ ትበለኝ።»

ለመንኳት፤ መጣች። ጃንጥላውን ጭኗ ላይ አድርጋ ዘርፉን ስትዳብስ ትቀደዋለች ብዬ ፈራሁ።

«ተዪው እልፌ» አልኳት፤ «የሚጠይቅሽ የለም።»

«ብርቱካኑን ስትውጥ አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ስትስቅስ?»

«እኔው አይደለሁ ያሳቅኋት!»

«አንተ?» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «ያ የጅብ ተረትህ? እሱን ነግረኸኝ እኔ ስቄ አላውቅም። እንዲያ ሆና የተኛችን ልጅ ማን አሳቃት?»

ከዚያ ጃንጥላውን አጥፋ በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ሄደች። 

በጥር መድኃኔ ዓለም ስለታቸው የሰመረላቸው ሴቶች እልል እያሉ ሲያስገቡ እልፍነሽ ጥቁሯን እንደለበሰች ከኋላቸው ተሰለፈች። ዐብዱልቃዲር የሰፋውን ሊያይ ከቅጥሩ ውጭ ቆሟል። ተራዋ ሲደርስ ልጇን የቀበሩላት ቄሰ ገበዙ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ያንቺ ስለት እኮ አልደረሰም። ይዘሽው ተመለሺ፤ መድኃኔ ዓለም አይቀየምሽም።»

«አባቴ፣ እኔ ግን ተቀይሜዋለሁ» አለች። «እንድትተርፍልኝ ለምኜው አልሰማኝም። እስካሁን እየተሟገትኩት ነው። ግን አንድ ጧት ሰጥቶኛል። በሞት አፋፍ ላይ ሆና ስቃልኛለች፤ ብርቱካን ልጬ አጉርሻታለሁ። ሌላውን ስለነሳኝ ይህን አልሰጠኝም ልበል? እሱስ ውሸት አይሆንብኝም?»

ቄሰ ገበዙ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት። እሷም ፈገግ ብላ ጃንጥላውን አስረከበቻቸው።

እንግዲህ መድኃኔ ዓለምን ብዬ ስለጀመርኩ ሳላስተካክል አልሄድም። ፈገግ አለች ያልኩት የኔ ፈጠራ ነው፤ ነገሩ እንዲያ ቢያልቅ ደስ ስለሚለኝ ጨመርኩት። እልፍነሽ ፈገግ አላለችም። «ይውሰዱልኝ» እያለች እጇ አልለቅ አላት፤ ቄሰ ገበዙ ጣቶቿን ከጃንጥላው ዘንግ ላይ አንድ ባንድ ነው ያላቀቋቸው።