በስልክ የማይሰማ አዎ

ሜሌናይቴ በቶንጋ ደሴቶች፣ በኔያፉ ወደብ የጀልባ ሞተር መጠገኛ ኃላፊ ናት። አምና በቃለ መጠይቅ ሙሉ ነጥብ ሰጥታ የቀጠረችው አፈ ጮሌ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ሞተር አቃጠለባት። ዘንድሮ የድርጅቱ ባለቤት ሶሳያ ከዋና ከተማው ከኑኩአሎፋ ደውሎ፣ «አሁንም ከተሳሳትሽ ወንበርሽን ለሌላ እሰጣለሁ። ጥያቄውንም እኔው ራሴ በስልክ እጠይቃለሁ» አላት።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። ፌሌቲ ገና ሳይጠየቅ መመለስ ጀመረ፤ ሶሳያም በስልኩ ውስጥ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይላል። ቀጥላ ሉፔ ገባች። በአባቷ የዓሣ ጀልባ ላይ ያደገች፣ ከጥፍሯ ሥር ግራሶ የማይጠፋ ልጅ ናት።

«ሞተር ፈትተሽ መግጠም ትችያለሽ?» አላት ሶሳያ።

ሉፔ ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

«ብቻሽን ሠርተሽስ ታውቂያለሽ?»

አሁንም ቅንድቧን አነሳች።

«ሜሌናይቴ፣ መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«ኧረ እየመለሰችልዎት ነው፣ አለቃ። በቅንድቧ አዎ እያለች ነው።»

«በስልክ? አፏን ቤቷ ትታ ነው እንዴ የመጣችው? ዜሮ ስጫት። ፌሌቲን ቅጠሪው።»

የሜሌናይቴ ደም ፈላ። ቶንጋ ውስጥ ተወልዶ በቅንድቡ አዎ የማይል ሰው የት አለ? ደግሞም ባለፈው ዓመት ጆሮዋን አምና ጉድ ሆናለች፤ ዘንድሮ አይደገምም።

«ስልኩን እንዳይዘጉት» ብላ ሁለቱንም ወደ መጋዘኑ ወሰደቻቸው። ትናንት አንድ ዓሣ አጥማጅ አልነሳ አለኝ ብሎ ያመጣው ሞተር፣ ማራገቢያው ያለበት እግሩ በበርሜል ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ተሰቅሏል።

ፌሌቲ ስለ ሞተሩ ሩብ ሰዓት አስረዳ። ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እዚያ የሌለ መፍቻ ጠየቀ። ሞተሩ ግን ጭጭ አለ።

«በል ፈቀቅ በል፣ ሰባኪው» አለችው ሜሌናይቴ።

ሉፔ የነዳጁን ቱቦ ነቅላ ጥቂት በጠርሙስ ቀዳችና ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ከቤንዚኑ ሥር ውሃ ተኝቷል። ሁሉንም ደፋች፣ ማጣሪያውን ጠረገች፣ አዲስ ቤንዚን ሞላች፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበች። ሞተሩ መጋዘኑን አናጋው። ሜሌናይቴ ስልኩን አስጠግታ ያዘችለት።

«ሰሙ፣ አለቃ?» አለችው ሞተሩ ሲጠፋ። «ይቺ ልጅ የምትናገረው እንዲህ ነው። ሰኞ ሥራ ትጀምር?»

ከስልኩ ድምፅ ጠፋ።

«አለቃ? ትጀምር ወይ?»

አሁንም ዝም።

«አለቃ!»

«አዎ አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልበልሽ?» አለ ሶሳያ ቆጣ ብሎ።

ሜሌናይቴ ሳቋ አመለጣት።

«በምንዎ አሉኝ፣ አለቃ?»