የቆርቆሮው ክታብ

የብርጓል አንድ ልጇን አንተነህን ከአማኑኤል ከተማ የማያርቅባት ነገር ተገኘ ቢሏት፣ ምንነቱን ሳትጠይቅ እጇን ዘርግታ ትቀበል ነበር። የተገኘው ባጃጅ ሆነ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ እንደመጣ የአሮጌ ባጃጅ የቤንዚን ሞተር አውጥቶ በባትሪ የሚሠራ ገጠመበት። ግቢው ውስጥ ደግሞ የመዳብ ሽቦ እንደ ሰፌድ እያዞረ ጠቅልሎ ቀበረና በጣውላ ከደነው። ባጃጁ ጣውላው ላይ ሲቆም ያለ ገመድ ቻርጅ ያደርጋል።

በሽቦውና በባጃጁ መሃል ብረት ከገባ ግሎ እንደሚያቃጥል ደጋግሞ ነግሯታል። እሷም ከጣውላው የትና የት ያለውን ማረሻና ማጭድ ሳይቀር ለቅማ ጎረቤት አስቀመጠች።

ባጃጁን ሊያዩ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ባለሀብት እንግዶች ሥራውን ከወደዱት እዚያው አማኑኤል ወርክሾፕ ይከፍቱለታል፤ ካልወደዱት ዱባይ ሥራ አግኝቷል፣ ይሄዳል። ወሬውን የሰማ ሁሉ ግቢዋን ሞላው። አንድ ሰው እንኳ «ማርያም ትጠብቀው» አይልም፤ ዓይኑን ልጇ ላይ ተክሎ ማድነቅ ብቻ። የብርጓል የሰው ዓይን ፈራች። እንግዶቹ በሚመጡበት ማለዳ፣ አንተነህ በሕፃንነቱ አንገቱ ላይ ያስር የነበረውን ክታብ ከሣጥኗ አወጣች። አንድ ደብተራ ጽፈው፣ በቆርቆሮ ዘግተው፣ በቆዳ የሰፉት ነው። ከጣውላው ሥር ሸጎጠችው። ብረት ነው ብላ ለአፍታም አላሰበችም፤ ለእሷ ጸሎት ነው።

እንግዶቹ መጡ። ባጃጁ ጣውላው ላይ ቆመ፣ አረንጓዴ መብራት በራ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ የተቃጠለ ቆዳ ሸተተ፤ ጭስ ወጣ፣ መብራቱም ድርግም አለ። አንተነህ ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ጣውላውን አነሳ፤ እንዳጎነበሰም ቆየ። የብርጓል ከደጃፏ ሆና የልጇ እጅ ወደ ኪሱ ሲገባ አየች።

«የእኔ ስህተት ነው» አላቸው እንግዶቹን። «በደንብ አልሠራሁትም።»

አደገኛ ነው ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የብርጓል ልትነግረው አፏን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። እሱም አልጠየቃት። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

የሚሄድ ዕለት፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ክታቡን ከኪሱ አወጣ። ቆዳው ጠቁሯል፤ ጣቱ ላይ ያለው ቃጠሎም ገና አልሻረም። ዝቅ ብሎ አንገቱን ሰጣት።

«እምዬ፣ እሰሪልኝ።»

ክሩ አልያዝ አላት። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። የብርጓል ገና መቋጠር አልቻለችም ነበር።