የሙጫው ጉብታ

ሦስት ዓመት የጠበቅናት ጉብታ ስክሪኑ ላይ ባለው የመለኪያ መስመር ላይ ወጣች። ሌዘሩ ማግኔታማው ክሪስታል ውስጥ ማንም ያላየውን የኳንተም ንዝረት ቀስቅሷል ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ግኝቱን የሚያበስረውን ጽሑፍ ለሳይንስ መጽሔት ሊልኩ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳርፈዋል።

«ክሪስታሉ የተለጠፈበትን ሙጫ ለብቻው አልለካነውም» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ነገር መሰንጠቅ ትወጃለሽ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው።»

ክሪስታሉን አንስቼ ሙጫውን ብቻ ለካሁ። መስመሩ ለጥ ብሎ ሲመጣ ፈገግ አሉ፤ እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ እፎይ አልኩ። ወዲያው ክሪስታሉ በሌለበት፣ እዚያችው ቦታ ላይ ያቺው ጉብታ ብቅ አለች።

«ይሄን ሙጫ ማነው የመረጠው?» አሉኝ በቁጣ።

የሙጫውን ጠርሙስ አዞርኩላቸው። «ከዚህ ሌላ የሚጠቀም ከላቦራቶሪዬ ይውጣ» ይላል፣ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ።