የቅዳሜ ጥገና

ባለቤቴ ሞተር ሳይክል አለው። እግሩ የተሰበረው ግን አምፖል ሲቀይር ከበርጩማ ላይ ወድቆ ነው። ሞተሩ ላይ ሲወጣ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ "ልጠግነው" ብሎ ይገባል፣ አመሻሹ ላይ እጁ ጠቁሮ ይወጣል። አንዱን ቅዳሜ ካርቡሬተሩን አወረድኩት ይለኛል፣ ሌላውን ቅዳሜ ፒስተኑን አየሁት ይለኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ቀሚስ ዘጠኝ ዓመት ቢፈጅብኝ ባለቤቲቱ በገዛ መቀሴ ትወጋኝ ነበር። ይህንኑ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ አንዳንዴም እንግዳ ፊት። ሰውዬው መልስ አይወድም፤ ይሰማና እጁን ሊታጠብ ይሄዳል።

እግሩ ጄሶ ገብቶ ስድስት ሳምንት ይተኛ ሲባል እልህ ያዘኝ። እሱ በዘጠኝ ዓመት ያቃተውን በስድስት ሳምንት ጨርሼ ልኩን ላሳየው ቆረጥኩ። ዕቃ ቤቱን ላጸዳ ነው ስለው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሞተሩን ብቻ እንዳልነካበት ለመነኝ። እሺ አልኩት። እሺ ብዬ ያላከበርኩት ነገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

የብሎን መፍቻ ቁልፍም ምክርም ያዋሰኝ ታናሽ ወንድሙ ነው። መካኒክ ነው፤ ምንም ነገር አልፈታ ሲለው አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብሉኝ ስለሚል ሰፈሩ "አሥራ ሦስት" ይለዋል። ለወንድሙ ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት። የፈታሁትን ብሎን ሁሉ በአዝራር ሣጥኖቼ አስቀመጥኩ፤ የፊት ጎማው ብሎኖች "የሕፃን ሸሚዝ" የሚለው ውስጥ ገቡ። ዝገቱን ፈግፍጌ አወጣሁ፣ የደረቀውን የቤንዚን ቱቦ ቀየርኩ፣ የመቀመጫውን ቆዳ እንደ አዲስ ሰፋሁት። መቀመጫው ከሞተሩ በላይ አማረ።

በሦስተኛው ሳምንት የሞተሩን የጎን ክዳን ልንፈታ ስንል አሥራ ሦስት ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን በጣቱ ዳሰሰ። ብሎኖቹ ላይ ፋብሪካው የቀባው ቀለም እንዳለ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። አንዴ ቁልፍ የነካው ብሎን እንዲህ አይሆንም አለኝ። የባሌን የመፍቻ ሣጥን ከፈትን። ቁልፎቹ ሲገዙ ከተጠቀለሉበት ወረቀት አልወጡም። ያገለገለ ነገር ቢኖር አንድ ጣሳ ጥቁር ግራሶ ነው፤ መሀሉ በጣት ተዝቆ ጎድጉዷል።

ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት እጁን ግራሶ እየቀባ ነበር የሚወጣው። አሥራ ሦስት ሳቀ። እኔ የጣሳውን ክዳን መልሼ ገጠምኩ። ከሚስቱ ለመሸሽ ይህን ያህል የሚደክም ሰው ምን ያህል ቢሰለቻት ነው? ምሳ ሳቀርብለት ልጠይቀው እልና መልሱን እፈራለሁ። እሱ ደግሞ ሾርባው ጨው በዛበት ይለኛል። ሥራውን ግን አልተውኩም። ሞተሩ ከተነሳ መደበቂያ አይኖረውም፤ ያኔ ቁርጡን አውቃለሁ ብዬ ነው።

ዘይት እንዳያፈስ ክዳኑ ሥር የሚገባውን ወፍራም ወረቀት ራሴ ቆረጥኩት። ክዳኑን ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሬ፣ በመቀስ ቆርጬ ለአሥራ ሦስት ሰጠሁት። ዙሪያውን በሙሉ አንድ አንድ ጣት ይተርፋል።

"ይሄ ትርፍ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ለስፌት" አልኩት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትርፍ ሳልተው ቆርጬ አላውቅም፤ እጄ ራሱ ነው ያደረገው። አሥራ ሦስት ወረቀቱን መለሰልኝ። ሌላ ቆረጥኩ።

ጄሶው የሚፈታ ዕለት አሥራ ሦስት ባሌን ክሊኒክ ይዞት ሄደ፤ እኔ የሞተሩን ማስነሻ መርገጥ ጀመርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ረገጥኩ፣ ወይ ፍንክች። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አውጥቼ ጠራርጌ መለስኩት። በአሥራ ሁለተኛው ተነሳ። ዕቃ ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ እያሳለኝ ብቻዬን ጨፈርኩ። ቂሜንም ለሁለት ደቂቃ ያህል ረሳሁት። ከዚያ አጥፍቼ፣ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁት።

ምርኩዙን ይዞ እያነከሰ መጣና በሩ ላይ ቆመ። የተወለወለውን ብረት አየ፣ አዲሱን መቀመጫ አየ። ደስ ያለው አይመስልም።

"አንድ ብሎን አልፈታህም" አልኩት። "ዘጠኝ ዓመት። ከኔ ለመሸሽ ከሆነ ንገረኝና ይለይልኝ።"

ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"ካንቺ ሸሽቼ የት እሄዳለሁ?" አለ። "ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ያንቺ የስፌት ክፍል ነው። ቅዳሜ ሴቶቹ ሊለኩ ሲመጡ ትቀልጃለሽ፣ ትስቂያለሽ። ልግባ ብል ልብስ የሚያወልቁበት ነው፣ ወንድ አይገባም። እራት ላይ ደግሞ ይደክምሻል። ስትስቂ የምሰማሽ እዚህ ሆኜ ብቻ ነው።"

እራት ላይ ምን እንደማወራው አሰብኩ። የቧንቧውን፣ የአምፖሉን፣ የሞተሩን ነገር ነው፤ እሱንም በቁጣ። አፈርኩ። ከሱ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ለመሆኑ ተነሳ?" አለኝ።

"አልተነሳም።"

እጁን ዘርግቶ የሞተሩን ጎን ዳሰሰ። ብረቱ ገና አልበረደም። መዳፉን እዚያው ላይ አቆየው።

"እንግዲያው ገና ብዙ ሥራ አለው" አለ።

"ቅዳሜ ታየዋለህ" አልኩት።