ቀጥ በይ

ላስቲክ የሚለውን ስም ያወጡልኝ በሰባት ዓመቴ ነው። ክርኔ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ አውራ ጣቴ ክንዴ ላይ ይተኛል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ «እስኪ አሳዪያቸው» ትለኛለች፤ እኔም ሳልለመን አሳያለሁ። ጂምናስቲክ ስገባ ደግሞ አሰልጣኛችን «ይቺ ልጅ አጥንት የላትም!» ብለው ከቡድኑ ፊት አቆሙኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ስኮራ ኖርኩ። የጉልበቴ ሎሚ ሦስት ጊዜ ቦታውን ሲለቅ ግን አጥንት እንዳለኝ በደንብ ገባኝ።

አሁን ልምምድ የምሠራው ለብቻዬ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ቡድኑ ከሚሠለጥንበት ትልቅ አዳራሽ ጎን፣ በተቀደዱ ፍራሾችና አየር በወጣባቸው ኳሶች መሃል፣ ሰው የሚቆምበት የሚንቀጠቀጥ ማሽን አለ። ጉልበቴን የምታክመኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ አይደለሁም ብትልም ሁላችንም ዶክተር ነው የምንላት፣ ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ፤ መገጣጠሚያዬ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል፣ ጅማቶቼ ልል ናቸው፣ ስለዚህ ጉልበቴን መያዝ ያለባቸው ጡንቻዎቼ ናቸው። ንዝረቱ እነሱን ከእንቅልፋቸው መቀስቀሻ ነው። አንድ ደቂቃ መቆም፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ስድስት ጊዜ።

ጓደኞቼ ማሽኑን ወፍጮ አሉት። በመጀመሪያው ሳምንት በበሩ አንገታቸውን እያስገቡ «ላስቲክ፣ ዛሬ ስንት ኩንታል ፈጨሽ?» ይሉኝ ነበር። ያናድዱኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ብቻ መጣች፤ እሷም ገመድ ፈልጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝር ያለ የለም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲቆጥሩ፣ ሲወድቁ፣ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። በቀልድ የሚናደድ ሰው ቀልዱ ሲቀርበት ሆድ እንደሚብሰው ማን ነገረኝ!

ከማሽኑ ይልቅ ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነው። አሰልጣኙ «ቀጥ በይ!» ባሉኝ ቁጥር ጉልበቴን ወደ ኋላ እስኪቆለፍ እገፋው ነበር። ለእኔ ቀጥ ማለት ያ ነው። የመጀመሪያ ቀን ማሽኑ ላይ እንደዚያ ስቆም ንዝረቱ እስከ ጭንቅላቴ ወጣ፤ ጥርሴ ተንገጫገጨ።

«አሁን ቀጥ ብለሻል?» አለችኝ ዶክተር።

«አዎ።»

«አላልሽም። ወደ ኋላ ታጥፈሻል። ትንሽ ላላ አድርጊው... ትንሽ... እዚህ ጋ። ቀጥ ይሄ ነው።»

«ይሄማ ጎንበስ ነው!»

መስታወት አመጣች። እውነትም ቀጥ ብያለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ግን ጉልበቴ ወደዚያው ይመለሳል፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ያቺን አንዲት ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልግ ከረምኩ።

ፈተናው ዓርብ ነበር። ዓይን ተጨፍኖ በአንድ እግር ሠላሳ ሰከንድ፣ ጉልበት ወደ ኋላ ሳይሄድ። ካለፍኩ ወደ ቡድኑ እመለሳለሁ፤ ከወደቅኩ ቀጣዩ ውድድር ያለ እኔ ነው። አሰልጣኙም ሊያዩ መጡ። ዶክተር ማሽኑን አጠፋችና ስልኳን ሰዓት እንዲቆጥር ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«ጀምሪ። በቃ እስክልሽ ዓይንሽን እንዳትገልጪ።»

ቆምኩ። ቦታዋን አገኘኋት።

«ጉልበቷ ታጥፏል እኮ» አሉ አሰልጣኙ።

«አልታጠፈም። ትክክለኛው እንዲህ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት አሠልጥኛት እንዴት ቀጥ እንደምትል ጠፍቶኝ ነው? ላስቲክ! ቀጥ በይ!»

ድምፃቸውን ስሰማ እግሬ ሊታዘዝ ተነሳ። አንዴ ብገፋው በቃ፣ ይደሰታሉ፣ ነገ ከግድግዳው ወዲያ ነኝ። አልዋሽም፣ በጣም ፈለግኩ።

«ቀጥ ብያለሁ፣ አሰልጣኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ወፍጮሽ ላይ ቆዪ።»

የጫማቸው ድምፅ ራቀ። ዶክተር «ቆዩ እንጂ፣ አንዴ ያዳምጡኝ» እያለች ተከትላቸው ወጣች። በሩ ተዘጋ።

እኔ ግን በቃ አልተባልኩም። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ እስከ ስምንት እየቆጠሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ፤ እኔም በልቤ አብሬያቸው ቆጠርኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ደረሰ። ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቴ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ዓይኔን ገለጥኩ። ክፍሉ ውስጥ ፍራሾቹና እኔ ብቻ ነን። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ስልክ አሁንም ይቆጥራል፤ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ።

«አለፍኩ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከግድግዳው ወዲያ ቆጠራው አልተቋረጠም።