ዘጠኝ አሚን

ወሎ ሰፈሮች ስለ ጨዋታ ስልት መከራከር ከጀመሩ አንድ ሰው ከቡድኑ ሊቀነስ ነው ማለት ነው። ይህን ከዘይኑ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ዘዴውን የፈጠረው እሱ ራሱ ነውና። ስለዚህ እንደ ፈረንጆቹ በ2018፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍሪሞንት ካለው መናፈሻ ሣር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሙሰብ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ ምለው፣ ለፋይናሉ ስታይላችንን ትንሽ ቼንጅ ብናደርገውስ?» ሲል ጊዜ፣ ዘይኑ የያዘውን ሳምቡሳ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ተራው ደርሷል።

ወሎ ሰፈር የቡድኑ ስም ነው። ግማሹ ተጫዋች ኦክላንድ ይኖራል፣ ግማሹ ሳን ሆዜ። የልምምዱ ቦታ ሲመረጥ የኦክላንዱም እንዳይከፋው፣ የሳን ሆዜውም እንዳያኮርፍ ተብሎ መሃል ላይ ፍሪሞንት ሆነ፤ በዚህም ለሁሉም እኩል ራቀ። ይሉኝታ እንዲህ ናት፤ ማንንም ሳታስቀይም ሁሉን ታደክማለች።

ጨዋታው ደግሞ ሰው የሚያውቀው እግር ኳስ አይደለም፣ የአውስትራሊያው ነው። ኳሷ ሞላላ ናት። በእግር ትመታለች፣ በእጅ ትያዛለች፤ መወርወር ግን ክልክል ስለሆነ በእጅ ማቀበል የሚቻለው በጡጫ መትቶ ነው። በረኛ የለም፣ መረብ የለም፤ በየዳርቻው አራት ቋሚዎች ብቻ ይተከላሉ። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግሩ መትቶ ያሳለፈ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ቋሚ የነካች ወይም በጎን የሾለከች ኳስ አንድ ነጥብ ናት። ዘይኑ መጀመሪያ ያየ ቀን «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ የገበያ ግርግር?» ብሎ ነበር።

ይህን ግርግር ኦክላንድ ድረስ ያመጡት ጋሽ ሳህሉ ናቸው። የቦሩ ሜዳ ሰው ናቸው። ሜልቦርን ብዙ ዓመት ኖረው፣ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ኦክላንድ ሲገቡ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ የቆዳ ኳስ ይዘው ገቡ። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዱ ነበር። ዘይኑ ዲቪ ደርሶት፣ ማንንም ሳያውቅ ከአውሮፕላን የወረደ ቀን የተሳፈረው በእሳቸው ቫን ውስጥ ነው። «ከየት ነህ?» አሉት። «ከደሴ» አላቸው። ኳሷን ከወንበራቸው ሥር አንስተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። «በል ያዛት፣ እጅህ ይልመዳት።» በሳምንቱ ሜዳ ላይ ነበር። ሥራ ያገኘው፣ ቤት የተከራየው፣ ኋላም ነሲባን ያገባው በዚያ ሜዳ ሰዎች በኩል ነው።

ደግ ዘመን ነበር። ከልምምድ በፊት ሣሩን የሞሉትን ዝይዎች ማባረር ነበረባቸው፤ ማሟሟቂያቸው እሱ ነበር። ካምቤል ከተማ ታክሲ የሚነዳው ቡልቻ ሕጉን እየረሳ ኳሷን እንደ አገር ቤት በእግሩ ሊነዳት ይሞክራል፤ እሷም ወዳሰበው ሳይሆን ወዳሰኛት ትሄድበታለች። የዓስር ሰላት ሲደርስ ኳሷን ከፊታቸው አስቀምጠው ተሰልፈው ይሰግዳሉ፤ ቡልቻ ክርስቲያን ስለሆነ ጫማቸውን ከውሻ ይጠብቃል። ዘይኑ ልምምድ በሌለበት ቀን እንኳ በዚያ መንገድ በመኪና ሲያልፍ መናፈሻውን ዞር ብሎ ሳያይ አያልፍም።

ስልታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ሳህሉ ስልት። እሳቸው ግቡ አፍ ላይ ይቆማሉ፣ ሌላው ኳሷን ባገኘ ቁጥር አሻግሮ ወደ እሳቸው ይለጋታል። ከሰው ሁሉ በላይ ዘለው በሁለት እጃቸው ከአየር ላይ ይቀልቧታል። በጨዋታው ሕግ ከሩቅ የተመታች ኳስ ሳትወድቅ የቀለበ ሰው፣ ማንም ሳይነካው በነፃ ይመታል። «መሬቱን ሰው ሞልቶታል፣ ሰማዩ ግን ባዶ ነው። በሰማይ ላኩልኝ!» ይሉ ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ጉልበታቸው እምቢ አለ። ይዘላሉ፣ ግን ከመሬት አይነሱም። ኳሷ በጣታቸው ጫፍ ታልፋለች። እሳቸውም «ነፋሱ ነው» ይላሉ፤ ቡድኑም ቅጠል ሳይነቃነቅ «አዎ፣ ነፋስ አለ» ይላል።

በዚያው ዓመት ከሳን ፍራንሲስኮ አውስትራሊያውያን ጋር ለዋንጫ ደረሱ። አምበሉ ዘይኑ ነበር። የሚሰለፈው ዘጠኝ ሰው ነው፤ ወሎ ሰፈሮች ግን አስር ነበሩ። አስረኛው ሙሰብ ነው፤ ያኔ ከአዲስ አበባ ገና የመጣ፣ ማውንቴን ቪው ከተማ ቢሮ የሚያጸዳ፣ ሲሮጥ ጥላው የማይደርስበት ልጅ። አንድ ሰው መውጣት ነበረበት፤ ማን እንደሆነም ሁሉም ያውቅ ነበር። ዘይኑ ሳምንቱን ሙሉ እንዴት እንደሚናገር ሲጨነቅ ሰነበተ። ኳስ ጭኑ ላይ ያስቀመጡለትን ሰው በየትኛው አፉ «ይቀመጡ» ይበላቸው?

አላለም። ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ «እስቲ ስለ ስታይላችን እንወያይ» አለ።

«አጭር ይሻላል» አለ ሙሰብ። «በጡጫ እየተቀባበልን መሮጥ። ፋስት ከሆንን አይደርሱብንም።»

«እኔ ስለ ሰው አይደለም የማወራው፣ ስለ ስታይል ነው» አለ ቡልቻ፣ መንገድ ማዶ በሚሰማ ድምፁ። «ረጅም ኳስ ኦልድ ሆኗል። ስታይሉ ነው ኦልድ የሆነው ያልኩት!»

«ስታይሉ ነው፣ ስታይሉ!» ተባለ ከየአቅጣጫው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጋሽ ሳህሉ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከቴርሞሱ ሻይ እየቀዱ በደስታ ተከራከሩ። «አጭሩ እስኪደክማችሁ ነው። ትሮጣለህ፣ ትሮጣለህ፤ መጨረሻ ላይ ትንፋሽህ አልቆ ቀና ስትል ማንን ታያለህ? አንድ ሰው ግቡ አፍ ላይ መቆም አለበት።» ሁሉም አቀርቅሮ ሣር ይነጫል። ጋሽ ሳህሉ ኩባያቸውን እንደያዙ ፊቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ዘይኑ ላይ ሲደርሱ ዘይኑ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የታሰረ ጫማ ነበር።

«በሉ ዱዓ እናድርግ» አሉ።

የወሎ ሰው ጉባኤውን የሚዘጋው በዱዓ ነው። ትልቁ ሰው ይመርቃል፣ ሌላው መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል፣ መጨረሻ ላይ ፋቲሓ ተብሎ መዳፍ ፊት ላይ ሲያርፍ ነገሩ አበቃ። ከዚያ ወዲያ የሚከራከር ከፈጣሪ ጋር ነው። ጋሽ ሳህሉ በየስማቸው መረቁ። «ሙሰብን እግሩን አያድክምብን።» «አሚን።» «ቡልቻን ከመከራ ይሰውርልን፤ ድምፁንም በመጠኑ ያድርግልን።» እየሳቁ «አሚን» አሉ፤ ቡልቻም «አሜን» አለ። እንዲህ እያሉ ሄደው ዘጠነኛው ላይ «ዘይኑን፣ አምበላችንን፣ ከጭንቁ ያውጣልን» አሉና ዝም አሉ።

ዘጠኝ ስም ተጠርቷል። የራሳቸው ስም አልተጠራም። ፋቲሓው ገና አልተባለም፣ መዳፋቸው እንደተዘረጋ ነው። ዘይኑ ሸክም የወረደለት ያህል ተነፈሰና ፊቱን አበሰ። ሌሎቹም ተከትለውት አበሱ። የጋሽ ሳህሉ እጅ ብቻ ጥቂት አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ እሳቸውም አበሱ። «እንግዲህ ዘጠኝ ናችሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ።

ለፍጻሜው ጨዋታ ነጭ ካፖርት ለብሰው መጡ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የግብ ዳኛ ያቀርባል፤ እሳቸው ሆኑ። ከቋሚዎቹ ኋላ ሁለት ባንዲራ ይዘው ቆሙ። ወሎ ሰፈር በአጭር ቅብብል ሮጠ፣ አስጨነቀ፣ መጨረሻው ላይ ግን ትንፋሹ አለቀ። በጥቂት ነጥብ እየተመሩ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ ዘይኑ እጅ ገባች። ከበቡት። ቀና አለ፤ እግሩም እንደለመደው ወደ ግቡ አፍ ለጋት። ማንም አልነበረም። ነጭ ካፖርት የለበሱት ሰውዬ ከመስመሩ ኋላ ሆነው እጃቸው ሳያውቁት እስከ ደረታቸው ተነሣ፤ መልሰው አወረዱት። ኳሷ ባዶ ቦታ ላይ ወድቃ ነጠረችና ቋሚውን መታች። ጋሽ ሳህሉ አንድ ጣት አሳዩ። አንድ ነጥብ። ተሸነፉ።

ረጅም ይሻል ነበር ወይስ አጭር የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ አደመቀ! ስለ ዱዓዋ ግን ያነሳ የለም። ጋሽ ሳህሉ እንደገና አልተጫወቱም፤ ጉልበታቸው መቆም እስኪያቅተው ድረስ ባንዲራ ያዙ። ዘይኑ ስለዚያ ቀን ሲያወራ «ታላቅ ሰው ናቸው፣ ራሳቸውን አውጥተው ከጭንቅ ገላገሉኝ» ይል ነበር። ሲለውም ያምነው ነበር።

አሁን ግቡ አፍ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ጋሽ ሳህሉ ያኔ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ኳሷ በጣቶቹ ጫፍ ስታልፍ «ነፋሱ ነው» ሲል ራሱን ሰማው። አምበሉ የጋሽ ሳህሉ ልጅ ሀምዛ ነው፤ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ሳን ሆዜ ነርስ የሆነ፣ አማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ የሚመልስ። ሀምዛ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ሙሰብ ስለ ፍጥነት ያወራል። ቡልቻ ከተጫዋችነት ወጥቶ፣ ቦርጩን ይዞ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ስለ ሰው አይደለም የማወራው፣ ስለ ስታይል ነው» አለ ቡልቻ።

ዘይኑ ቀና ብሎ አየው። ያችው ዓረፍተ ነገር ናት፣ ምንም አልተለወጠችም። እዚህ ወገን ተቀምጦ ለሚሰማት ግን ሌላ ነገር ናት። ክርክሩ ሲቀጥል ሁሉም ሣር እየነጨ መሆኑን አየ። በቃ፣ አለ በልቡ፤ ሰው አላስጨንቅም።

«በሉ ዱዓ እናድርግ» አለ።

በየስማቸው መረቃቸው። ልጆቹ ስማቸው ሲጠራ አንገታቸውን እየደፉ አሚን አሉ። ዘጠነኛው ላይ ሀምዛን ጠራ፤ ወደ ፋቲሓው ሊያልፍ ሲል ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው። ቆመ። ለምን እንደቆመ ለራሱም አልገባውም። ወዲያው ሙሰብ ፊቱን አበሰ። ሌሎቹም አበሱ። መዳፉን እንደዘረጋ የቀረው ሀምዛ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ አልጨረስክም» አለ ሀምዛ።

«ዘጠኝ ጠራሁ እኮ ልጄ።»

«አይ ካን ካውንት። አባዬ ነግሮኛል። ዘጠኝ ብሎ ዌይት አደረገ። አንድ ሰው ‹እርስዎስ?› እንዲለው።» በመዳፉ ፊቱን ማበስ አሳየ። «ፈርስት ያበስከው አንተ ነህ አለኝ።»

ዘይኑ ጆሮው ድረስ ጋለ። ያ ዝምታ ጥያቄ ኖሯል። እሱ ደግሞ በመዳፉ መልሶላቸዋል፤ ይህን ሁሉ ዓመትም ደግነት ነው እያለ ሲያወራ ኖሯል። አፈረ፤ እዚያው ሣሩ ውስጥ ቢሰወር በወደደ።

«ሊስን፣ ጋሼ» አለ ሀምዛ። «ስሎው ሆነሃል። ስታርት አታደርግም። አይም ሶሪ።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ቡልቻ። በወሎ ሰፈር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ተብሎ አያውቅም።

«ግን ቤንች ላይ ነህ። ደክሞን ስታክ ከሆንን፣ መሄጃ ካጣን፣ ትገባለህ፣ ሎንግ እንመታልሃለን።» ከዚያ ልጁ መዳፉን ከፍ አደረገ። የአማርኛው ነገር አስጨንቆት ቃል ፈለገ። «ያ አላህ... ጋሽ ዘይኑን... ጉልበቱን ፊክስ አድርግለት። ከእኛ ጋር አቆየው።»

«አሚን!» አሉ ሁሉም፤ ከሁሉም በላይ ቡልቻ። ዘይኑ እየሳቀ እንባው መጣ። ሰው ሁሉ ፊት ከቡድን ተቀንሶ እንዲህ ቀለል ይለኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ጋሽ ሳህሉ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በሀምዛ መኪና ውስጥ መስኮት ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ከዘራቸው በጉልበታቸው መሃል ቆሟል። ዘይኑ ሲመጣ አዩት።

«ማን ወጣ?» አሉ።

«እኔ።»

«ኧረ! ታዲያ በምን ሊጫወቱ ነው?»

«በአጭር።»

«ይሸነፋሏ።»

ዘይኑ መሳቅ አቃተው። ጉልበቱ እየጮኸ በሩ ሥር ቁጢጥ አለና መዳፉን ዘረጋ። «ጋሽ ሳህሉ፣ ያቺ ዱዓ ያኔ አላለቀችም ነበር።»

ሽማግሌው የተዘረጋውን መዳፍ አዩት። ቀስ ብለው ከዘራቸውን አስደግፈው የራሳቸውንም ዘረጉ።

«አላህ ጋሽ ሳህሉን ያቆይልን» አለ ዘይኑ። «እሳቸው ባይኖሩ ዘጠኝ ቀርቶ ሁለት አንሆንም ነበር።»

ከሣሩ ወዲያ ልጆቹ ዝይ እያባረሩ ይጮሃሉ።

«ዘገየህ» አሉ።

«ዘገየሁ።»

«አሚን» አሉ ጋሽ ሳህሉ።

ሁለቱም መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ፊቱን ቀድሞ ለማበስ የቸኮለ አልነበረም።